ለካምፒንጉ ጀነሬተር አንከራይ

ከፈተና በኋላ ማኅበራችን አርቪ ተከራይቶ የመብራት መስመር ወደሌለበት ካምፕ ለሁለት ሌሊት ሊወጣ ነው። በስብሰባው ላይ ብዙ ሰው የደገፈው ሐሳብ "ጀነሬተርም እንከራይ" የሚለው ነበር። እኔ አልስማማም። ስምንት ሰው ስልኩንና ላፕቶፑን ቻርጅ ለማድረግ የአርቪው ባትሪ ይበቃል፤ ካወቅንበት።

ሒሳቡ ይኸው። 12 ቮልት፣ 100 አምፒር-ሰዓት የሆነ ተራ የሊድ-አሲድ ባትሪ 1,200 ዋት-ሰዓት ይይዛል፤ ዕድሜው እንዳያጥር ግን ከግማሹ በላይ ባንጠቀም ይሻላል። ስለዚህ ያለን 600 ነው። ለአንድ ስልክ 20 ብንመድብ ስምንቱ 160 ይሆናሉ። ሁለት ላፕቶፕ 120፣ የኤልኢዲ መብራት 40። በቀን 320 መሆኑ ነው። የመጀመሪያውን ሌሊት በደንብ ያሳልፈናል፤ ለሁለተኛው ትንሽ ያጥረናል። ጉድለቱን ፀሐይ ከወጣ አንድ ባለ 100 ዋት ሶላር ይሞላዋል። ወይም ከመከራየታችን በፊት ባትሪው ሊቲየም መሆኑን እንጠይቅ፤ በዚያው መጠን 1,000 ያህል ያለ ሥጋት ይሰጣል። ብርድ ከሆነ ግን ብርድ ልብስ ያዙ። ማሞቂያው በጋዝ ቢሠራም ማራገቢያው ሌሊቱን ሙሉ ከባትሪው ይበላል፤ ከስልኮቻችን ሁሉ የበለጠ።

ብዙ ኃይል በከንቱ የሚፈሰው በኢንቨርተር ነው። የባትሪውን 12 ቮልት ወደ 120 ይቀይራል፤ የስልካችን ቻርጀር ደግሞ መልሶ ወደ 5 ያወርደዋል። በሁለቱም ጊዜ ይባክናል፤ ምንም ሳይሰካበት እንኳ ኢንቨርተሩ ይበላል። መኪና ውስጥ የምንሰካው የዩኤስቢ ቻርጀር ይህን ሁሉ ያስቀራል። ለላፕቶፕ 60 ዋት የሚሰጥ ዩኤስቢ-ሲ ይፈለግ።

የፀጉር ማድረቂያና የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ ግን ቤት ይቅሩ። 1,500 ዋት ከ12 ቮልት ባትሪ ሲሳብ ከ120 አምፒር በላይ ነው።

መቼም ቡና ሳናፈላ አናድርም። በጋዝ ይፈላ፤ ከሰል ካማራችሁ ደግሞ ውጭ፣ ከአርቪው ራቅ ብሎ። ዝናብ ቢመጣም ምድጃው ወደ ውስጥ አይግባ። የከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ የተኛን ሰው ሳይነቃ ይገድላል። የጀነሬተር ጭስም ያው ነው። ጀነሬተሩን የምቃወመው ስለ ጩኸቱ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ በመስኮት ሥር አስነስቶ የሚተኛ አይጠፋም። ደግሞም እዚህ አሜሪካ ብዙ የፓርክ ካምፖች ማታ ጀነሬተር ስለሚከለክሉ፣ ከፍለንበትም በምንፈልገው ሰዓት ዝም ሊል ይችላል።

የኪራዩ ገንዘብ ለሁለት የመኪና ቻርጀርና ለአንድ ሶላር ይዋል። ከተረፈ ሥጋ ይጨመርበት።