መጀመሪያ ወደቡን ምረጡ

ክሩዝ ለመሄድ የሚሰናዳ ሰው የማይጠይቀው ነገር የለም። ማዕበሉ ያስታውክ እንደሆነ፣ በጾም ቀን ምን እንደሚበላ፣ በረንዳ ያለው ክፍል ስንት እንደሚጨምር ይጠይቃል። ስለ መጨረሻው ጠዋት ግን የሚጠይቅ የለም። የመመለሻ ትኬቱን የሚገዛ ቀን ርካሹን በረራ ይፈልጋል፤ ርካሹም አብዛኛውን ጊዜ የማለዳው ይሆናል። መርከቡ በ12 ሰዓት ወደብ ከደረሰ የ3 ሰዓቱን አውሮፕላን ምን ያስመልጠኛል ብሎ ይገዛዋል። (ሰዓቱን የምጽፈው በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ትኬታችሁ ላይ 9 የሚለው እዚህ 3 ነው። ዓመቶቹ ግን እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

በዋሽንግተን ዙሪያ የምንኖር ሐበሾች ክሩዝ ከለመድን ሰንብተናል። የዕቁብ ጓደኞች፣ የልጅ ምርቃት የሚያከብሩ ቤተሰቦች፣ ሃምሳኛ ዓመታቸውን በባሕር ላይ መድፈን የሚፈልጉ ሰዎች በጥር ብርድ ወደ ፍሎሪዳ ይወርዳሉ። እንዲህ ባለ አንድ ጉዞ ላይ፣ መርከቡ ከታሰረ በኋላ አዳራሽ ውስጥ ተራችንን ስንጠብቅ፣ አብረውን የነበሩ አንዲት እናት ትዕግሥታቸው አለቀ።

«ልጄ፣ መርከቡ ቆሟል አይደል? ደረጃውን ወርዶ መሄድ ነው እንጂ ምን ያስቀምጠናል?»

«እማማ፣ ወደ አገር መግባታችንን መንግሥት ገና አላየም።»

«ስንወጣስ አይቶን የለም እንዴ?»

ጥያቄያቸው ልክ ነው። መልሱ ግን እስከ 1886 ድረስ ይወስዳል። በዚያ ዓመት የወጣው የአሜሪካ ሕግ በአገሩ ያልተሠራና የአገሩን ባንዲራ የማይዝ መርከብ ከአንዱ የአሜሪካ ወደብ ወደ ሌላው ሰው እንዳያጓጉዝ ይከለክላል። የዛሬዎቹ ግዙፍ የመዝናኛ መርከቦች የሚሠሩት በፊንላንድ፣ በጣሊያን፣ በፈረንሳይና በጀርመን ነው፤ የሚያውለበልቡትም የባሃማስን፣ የፓናማን፣ የቤርሙዳን ወይም የማልታን ባንዲራ ነው። ስለዚህ ከማያሚ ተነስተው ማያሚ ለመመለስ እንኳ መንገድ ላይ አንድ የውጭ አገር ወደብ መርገጥ አለባቸው። ከሲያትል ተነስተው አላስካን የሚያሳዩት መርከቦች ብዙዎቹ በመጨረሻው ምሽት ካናዳ ገብተው፣ ቪክቶሪያ ከተማ ላይ ለጥቂት ሰዓታት የሚቆሙት ለዚሁ ነው። ተሳፋሪው በምሽት አበባ የሚያስጎበኙት ይመስለዋል፤ መርከቡ ግን ሕግ እየፈጸመ ነው። በዚህ የተነሳ ሳምንቱን ሙሉ አላስካን፣ ማለትም አሜሪካን፣ ሲያይ የሰነበተ ሰው ሲያትል ሲደርስ ከውጭ አገር እንደመጣ ተቆጥሮ ይፈተሻል። ከዚህ ጣጣ ነጻ የሆነችው ትልቅ መርከብ የአሜሪካ ባንዲራ ይዛ በሃዋይ ደሴቶች መካከል የምትዞረው «ፕራይድ ኦፍ አሜሪካ» ናት።

እንግዲህ መርከቡ ደረሰ ማለት ተሳፋሪው ደረሰ ማለት አይደለም። ገና ሳይነጋ የአካባቢውን ውሃ ጠንቅቆ የሚያውቅ የወደብ ፓይለት በትንሽ ጀልባ መጥቶ ይሳፈርና መርከቡን በጠባቡ መግቢያ እየመራ ያስገባዋል። ከሌሊቱ 11 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ መርከቡ ይታሰራል። ማታ ከየበሩ የተሰበሰበው ሻንጣ ወደ ተርሚናሉ ይወርዳል። ባለሥልጣናቱ ለመርከቡ ፈቃድ እስኪሰጡ አንድም ተሳፋሪ አይንቀሳቀስም። ሁሉ ነገር ከቀና የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ወደ 1 ሰዓት ገደማ ይወጣሉ፤ የመጨረሻዎቹ 3፡30 ወይም 4 ሰዓት ይሆንባቸዋል። በጥር 2024 ከማያሚ ሥራ የጀመረችው «አይከን ኦፍ ዘ ሲስ» እስከ 7,600 ተሳፋሪ ትይዛለች። ይህ ሁሉ ሕዝብ በአንድ ጠዋት በጥቂት በሮች ሲወጣ፣ በዚያው ወደብ ሌሎች መርከቦችም እንዲሁ እያራገፉ መሆናቸውን አትርሱ።

ሰው የሚያማርረው መርከቡ አስቀመጠን እያለ ነው። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። መርከቡ ከእናንተ በላይ ይቸኩላል። የቅዳሜው ሙሽራ ሳይወጣ የእሁዱ አስጌጪ በር ላይ እንደሚቆምበት የሠርግ አዳራሽ፣ እኩለ ቀን ሳይሆን አዲሶቹ ተሳፋሪዎች መግባት ይጀምራሉ። ማታ አልጋችሁን አንጥፎ ደህና እደሩ ያላችሁ ሠራተኛ እናንተ አሳንሰር ሳትደርሱ አንሶላውን ገፏል፤ ቀትር ላይ ክፍሎቹ ሁሉ ለሌላ ሰው ዝግጁ መሆን አለባቸው። ለብዙ ወራት በተፈረመ ውል ቤተሰቡን ሳያይ የሚሠራ ሰው ነውና፣ በዚያ ጠዋት ፊቱ ላይ ፈገግታ ቢያጥር አልፈርድበትም።

የቤተሰብ ነገር ሲጨመርበት ደግሞ ሌላ ነው። በብዙ ወደቦች አሁን ካሜራ ፊትን ከፓስፖርት ፎቶ ጋር ያመሳክራል፤ የአሜሪካ ዜጋ ሳይቆም ያልፋል ማለት ይቻላል። የእኛ ቤተሰብ ግን በአንድ ዓይነት ወረቀት አይጓዝም። ልጆቹ ዜጎች፣ አባት ግሪን ካርድ፣ አያት የጎብኚ ቪዛ ይዘዋል። አያት የሚሰለፉበት ሰልፍ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ልጆቹ ቢያልፉም እሳቸውን ጥለው አይሄዱም። በነገራችን ላይ፣ በ2025 ሐምሌ የአሜሪካ መንግሥት ለኢትዮጵያውያን የሚሰጠውን የጎብኚ ቪዛ በአንድ ጊዜ መግቢያና በሦስት ወር ገድቦታል። እንዲህ ያለ ቪዛ የያዘች እናትን ባሃማስ አድርሶ መመለስ በረራ ከማምለጡ የባሰ ጣጣ ሊያመጣ ስለሚችል፣ ጠበቃ ሳትጠይቁ መርከብ ላይ አታውጧት።

አሁን የ3 ሰዓቱን በረራ ወደ ኋላ እንቁጠረው። ብዙዎቹ የአሜሪካ አየር መንገዶች ለአገር ውስጥ በረራ ሻንጣ መቀበል የሚያቆሙት 45 ደቂቃ ሲቀረው ነው። በሩ የሚዘጋውም 15 ደቂቃ ሲቀር ነው። ስለዚህ 2፡15 ሳይሞላ ሻንጣ ማስረከቢያው ጋ መድረስ ያስፈልጋል፤ ከዚያ የፍተሻው ሰልፍ አለ። ይህ የሚሆነው ሻንጣውን ማታ በር ላይ ሳያስቀምጥ፣ ራሱ እየጎተተ ከመጀመሪያዎቹ ጋር ለሚወርድ ሰው ብቻ ነው። ሐበሻና ሻንጣ ደግሞ ታውቃላችሁ። ለጥቂት ቀን ባሕር የሄደ ሰው ለየምሽቱ የተለየ ልብስ፣ ለደሴቱ ሌላ፣ ለፎቶ የሐበሻ ቀሚስ፣ ቢርብ ብሎ ዳቦ ቆሎ ይይዛል። ይህን ሁሉ በሕዝብ በተጨናነቀ ደረጃና መተላለፊያ ራሱ ሊጎትት ነው።

ጉዞ አዋቂዎች የሚሰጡት ምክር የታወቀ ነው። ከእኩለ ቀን በፊት የሚነሳ በረራ አትግዙ ይላሉ፤ ከተቻለም አንድ ቀን እደሩ። ልክ ናቸው። ነገር ግን ምክሩ የወር ደመወዝተኛ ምክር ነው። የእኛ ሰው ብዙው ፓርኪንግ ይሠራል፣ አረጋውያንን ይንከባከባል፣ ኡበር ይነዳል፣ ኤርፖርት ውስጥ ዊልቸር ይገፋል። እረፍቱ የሚሰላው በሰዓት ነው፤ ያልሠራበት ቀን አይከፈለውም። ለአራት ሰው በጥር ወር ማያሚ ሆቴል ማደር የክሩዙን ቅናሽ መልሶ ይበላዋል። የማለዳውን በረራ የሚገዛው ቸኩሎ ወይም ተስገብግቦ አይደለም፤ የሰኞ ፈረቃ ስላለበት ነው። ለእንዲህ ያለው ሰው «አትግዛ» ማለት ምንም አይጠቅመውም። እኔ የምለው ሌላ ነው፤ የማለዳ በረራ የግድ ከሆነባችሁ ጉዳዩን የምትወስኑት የአውሮፕላን ትኬት ስትገዙ ሳይሆን ክሩዙን ስትመርጡ ነው።

ወደቦቹ እኩል አይደሉምና። ፎርት ላውደርዴል ያለው ፖርት ኤቨርግሌድስ ከኤርፖርቱ ጋር ጎረቤት ነው፤ ርቀቱ ከ5 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። ማያሚ ከወደብ እስከ ኤርፖርት 13 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ድሮ የመርከብ ተሳፋሪውና ኮንቴይነር የጫነው ከባድ መኪና በመሐል ከተማ ይጋፉ ነበር፤ በ2014 ከባሕሩ ሥር የተከፈተው ዋሻ ያን ጭንቅ አቅልሎታል። ሰውን የሚያታልለው ፖርት ካናቬራል ነው። የክሩዝ ኩባንያዎች ማስታወቂያ ላይ «ኦርላንዶ» ብለው ስለሚጽፉት ገዢው ኦርላንዶ ከተማ ውስጥ የሚወርድ ይመስለዋል። ወደቡ ያለው በአትላንቲክ ዳር፣ የጠፈር መንኮራኩሮች ከሚተኮሱበት ቦታ አጠገብ ነው፤ ከኦርላንዶ ኤርፖርት 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። በዚያ ላይ ኤርፖርቱ ከዲዝኒ በሚመለሱ፣ ጋሪና ሕፃን በያዙ ቤተሰቦች የተሞላ ነው። ከዚያ የ3 ሰዓት በረራ የገዛ ሰው ገንዘቡን ሎተሪ ላይ ቢያውለው ይሻለው ነበር።

ቴክሳስ ያላችሁ ደግሞ የጋልቨስተንን ወደብ ታውቁታላችሁ። ለእሱ የምትቀርበው ሂዩስተን ሁለት ኤርፖርት አላት፤ ሆቢ የሚባለው ለወደቡ ይቀርባል፣ ትልቁ ግን ከከተማው ሰሜን ስለሆነ ከወደቡ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይነዳል። ጋልቨስተን በክረምት ጉም ይወርድበታል፤ ጉሙ ሲከብድ መግቢያው ይዘጋና መርከቡ ውጭ ቆሞ ይጠብቃል። የፍሎሪዳዋ ታምፓም እንዲሁ ናት። ጉም ደግሞ ትኬት አያይም። ኩባንያውም መርከቡ በተባለው ሰዓት ይደርሳል ብሎ ዋስትና አይሰጥም፤ ማንም የማያነበው የትኬቱ ውል ውስጥ ጽፎታል።

ደግ ምሳሌ ከተፈለገ ሲያትል አለች። ወደቡ «ፖርት ቫሌት» በሚል አገልግሎት የተሳፋሪውን ሻንጣ ከመርከቡ ተቀብሎ ወደ ኤርፖርት ያደርሳል፤ ባለሻንጣው እጁን እያወዛወዘ ይወርዳል። የዊልቸር ተጠቃሚ እናትና ሁለት ሕፃን ይዞ ለሚጓዝ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ከወደቡ ቀጥሎ የሚታየው ቀኑ ነው። የሦስት ሌሊቱ ክሩዝ በአብዛኛው ዓርብ ወጥቶ ሰኞ ጠዋት ይመለሳል። በቅዳሜና እሁድ አልቆ የሥራ ቀን የማይነካ ስለሚመስል የእኛ ሰው ይወደዋል፤ ሰኞን ሙሉ እንደሚበላ ግን ዘግይቶ ነው የሚገባው። የማለዳውን በረራ ግድ የሚያደርገውም ይኸው ነው። የአራት ሌሊቱ ብዙውን ጊዜ ከሰኞ እስከ ዓርብ ነው። የሥራ ሳምንቱን ይወስዳል፤ በምትኩ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ተረጋግቶ በርሮ፣ ቅዳሜን ቤት አርፎ፣ ለሰኞ ፈረቃ ሰው ሆኖ መቅረብ ይቻላል። ሂሳቡን ወረቀት ላይ አስቀምጡት።

የማለዳውን ትኬት አስቀድሞ የገዛ ሰውስ? መለወጥ የሚፈቅድ ትኬት ከሆነ ዛሬውኑ ይለውጠው። ካልሆነ ሻንጣውን ማታ ለመርከቡ አይስጥ፤ የማይሸከመውን ልብስ ቤት ትቶ ይሂድ። ቁርስን ይርሳ፤ ሙዝ ኪሱ ይክተት። ማውረጃው በየትኛው ፎቅ በኩል እንደሚከፈት ሠራተኞቹን ጠይቆ ቀድሞ እዚያ ይቁም። ከቤተሰቡ መካከል በሌላ ሰልፍ የሚሄድ ሰው ካለ ማን አብሮት እንደሚቆም በዋዜማው ይወስን። ከዚያም ወደ ቤቱ የሚሄደው ቀጣዩ ቀጥታ በረራ ስንት ሰዓት እንደሚነሳና ስንት ወንበር እንደቀረው፣ የከፈለበት የመርከቡ ዋይፋይ ሳይዘጋ አይቶ ይደር።