የኦሞ አፈር ከመታረሱ በፊት ይጠና

የታችኛው ኦሞ ሸለቆ እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ለዚህ ያበቃው ሐውልት ወይም ግንብ ሳይሆን በወንዙ ዳርቻ የጥንት አጥንትና የድንጋይ መሣሪያ ይዞ ተደራርቦ የተኛው አፈር ነው። በደለሉ መካከል ከእሳተ ገሞራ የወጣ አመድ በስሱ ተነጥፎ ይገኛል፤ የአጥንቱና የድንጋይ መሣሪያው ዕድሜ በአብዛኛው የሚለካውም በዚህ አመድ ነው። ንብርብሩ የተናጋበት አጥንት መቼ እንደኖረ መናገር አይችልም።

ኪቢሽ በተባለው የሸለቆው ስፍራ የተገኘው፣ ኦሞ አንድ የተሰኘው የጥንት ሰው ቅሪት ይህን ከምንም በላይ ያስረዳል። ቅሪቱ እ.ኤ.አ. በ1967 ሲወጣ 130 ሺህ ዓመት ግድም ተገምቶ ነበር። ተመራማሪዎች ወደዚያው ስፍራ ተመልሰው ግምቱን በ2005 ወደ 195 ሺህ አሳደጉት። በ2022 ደግሞ ከበላዩ ያለው አመድ ከሻላ እሳተ ገሞራ የመጣና 233 ሺህ ዓመት ገደማ የሆነው መሆኑ ታወቀ፤ ከሥሩ ያለው ሰው ከዚያ ሊያንስ አይችልም። ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ከቦታው የተለቀመ የጭን አጥንት ስባሪም በ1967 ከተገኘው ጋር ገጥሟል። በመካከሉ መሬቱ ታርሶ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ በጠፋ ነበር።

ዛሬ በሸለቆው የሸንኮራ አገዳ እርሻ፣ የመስኖ ቦይና መንገድ ተዘርግቷል። የጊቤ 3 ግድብም የወንዙን ዓመታዊ ሙላት ለውጦታል። አገሪቱ ስኳርም መብራትም ያስፈልጋታል፤ ይህ ጋዜጣ ልማቱ ይቁም አይልም። የሚቃወመው ዶዘር ከአጥኚው ቀድሞ መግባቱን ነው።

ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ለዚህ መንገድ አበጅቷል። የሚኒስትሮች ምክር ቤት አንድን አካባቢ የተከለለ ብሎ ሲሰይም በዚያ ያለ ፈቃድ መገንባትም መቆፈርም ክልክል ይሆናል፤ ፈቃድ ያለውም ቢሆን ቅርስ ካገኘ ሥራውን አቁሞ በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። ነገር ግን የሚያሳውቀው ያየውን የሚያውቅ ሰው ነው። የዶዘር ነጂ ከጠጠር መሃል ወደ ድንጋይነት የተለወጠ ጥርስ እንዲለይ መጠበቅ አግባብ አይደለም።

ስለዚህ ኪቢሽና ሌላው የሸለቆው የቅሪት ስፍራ ሹንጉራ መሬት ላይ በሚታይ ምልክት ይከለሉ። ከተከለለው ውጭም እያንዳንዱ የቦይ መስመርና ማሳ ከመመንጠሩ በፊት በባለሙያ ይዳሰስ፤ ወጪውም ከፕሮጀክቱ በጀት ይያዝ። ቋሚ ጠባቂዎች ከኛንጋቶምና ከዳሰነች አርብቶ አደሮች መካከል ተቀጥረው ይሠልጥኑ፤ ጎርፍ ያወጣውን አጥንት ቀድሞ የሚያየው በዚያ ከብት የሚያግደው ሰው ነውና።