«ጋዝ» ስንል የትኛውን ጋዝ ነው?

ባለፈው የብርድ ወቅት አንድ ማታ፣ አውሮራ እናቴ ቤት ቡና እየጠጣን ሳለ ስልኳ ጮኸ። መልእክቱ የመጣው ከሕንጻው አስተዳደር ነው፤ አፑ ራሱ ወደ አማርኛ መልሶታል። «ጋዝ ከሸተተዎት ወዲያውኑ ሕንጻውን ለቀው ይውጡ» ይላል። እናቴ መነጽሯን አድርጋ አነበበችው፤ አየሩንም አሸተተች። «እኛ ቤት ደግሞ ምን ጋዝ አለ? ምድጃው በኤሌክትሪክ ነው» አለችና ሁለተኛውን ቀዳች።

እናቴ ተሳሳተች ለማለት አልችልም። ለእሷ ጋዝ ማለት ነጭ ጋዝ ነው፤ ላምባ። ካልሆነም በሲሊንደር የሚመጣው ቡታጋዝ። ሕንጻውን የሚያሞቀው ግን በቧንቧ የሚገባ የተፈጥሮ ጋዝ ነው፤ ማሞቂያው ያለው ምድር ቤት ስለሆነ አይታው አታውቅም። የዚህ ጋዝ ሽታ ደግሞ የላምባ ሳይሆን የገማ እንቁላል ነው። እናቴ በአፍንጫዋ ስትፈልግ የነበረው ሌላ ሽታ ነበር። ያን ማታ መልእክቱ ለጥንቃቄ የተላከ ስለነበር ምንም አልደረሰም። እኔን ግን እንቅልፍ ነሳኝ፤ እንዲህ ያሉ መልእክቶችን የሚልክ ሶፍትዌር መጻፍ እንጀራዬ ነውና።

ዓረፍተ ነገሩን መልሼ አየሁት። ሰዋስው ስህተት የለበትም፤ ፊደል አልተገደፈም። የትኛውም የጥራት መፈተሻ ያሳልፈዋል። ችግሩ ያለው አንዷ ቃል ላይ ነው። እዚህ ዴንቨር ታክሲ የሚነዳው ጓደኛዬ «ጋዝ ልሙላ» ሲል ቤንዚን ማለቱ ነው፤ አሜሪካኖቹ እንደዚያ ስለሚሉ። እናቴ ላምባ ትላለች፣ ጎረቤቷ ቡታጋዝ፣ ሕንጻው የተፈጥሮ ጋዝ። አራት ነገር፣ አንድ ስም።

ጉዳዩ የአንድ አፓርትመንት ብቻ አይደለም፤ የምንኖረው ነዳጅ በሚወጣበትና በሚጣራበት አካባቢ ነው። ከዴንቨር በስተሰሜን ያለው የዌልድ ካውንቲ መሬት በነዳጅና በጋዝ ጉድጓዶች የተሞላ ነው። የኮሎራዶ ብቸኛ የነዳጅ ማጣሪያ ያለው ኮመርስ ሲቲ ውስጥ ነው፤ በቀን ወደ 98,000 በርሜል ድፍድፍ ነዳጅ የማጣራት አቅም አለው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2019 ከዚህ ማጣሪያ ቢጫ ብናኝ ወጥቶ በአካባቢው ሲበተን በአቅራቢያው ያሉ ትምህርት ቤቶች በራቸውን ዘግተው ነበር። ብናኙ «ካታሊስት» የሚባለው ነገር ነው፤ ድፍድፉ ወደ ቤንዚን ሲቀየር ሥራውን የሚያፋጥን ዱቄት። ያን ቀን ለአንድ አማርኛ ተናጋሪ ወላጅ አጭር መልእክት ጻፉ ብትባሉ ምን ትሉ ነበር?

የተፈጥሮ ጋዝ በራሱ ሽታ የለውም። የገማ እንቁላሉ ሽታ ሆን ተብሎ የሚጨመር ነው፤ ይህ ግዴታ የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1937 ቴክሳስ ኒው ለንደን ውስጥ አንድ ትምህርት ቤት በጋዝ ፍንዳታ ፈርሶ ወደ 300 የሚጠጉ ሰዎች ካለቁ በኋላ ነው። ሽታው የሚጨመረው ግን ጋዙ ወደ ቤቶች ከመሰራጨቱ በፊት እንጂ ጉድጓዱ ላይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2017 ከዴንቨር በስተሰሜን ፋየርስቶን ከተማ አንድ ቤት ፈንድቶ ሁለት ሰዎች ሞቱ። ምክንያቱ ከጉድጓድ የሚነሳ፣ ተቆርጦ የቀረ ነገር ግን ከጉድጓዱ ጋር ያለው ግንኙነት ያልተቋረጠ ቀጭን መስመር ነበር፤ በእንግሊዝኛው «ፍሎላይን» ይባላል። ሽታ ያልተጨመረበት ጋዝ በአፈር ውስጥ አልፎ ቤቱ ገባ። ከዚያ በኋላ ስለ ፍሎላይን ብዙ ማሳሰቢያ ወጣ። በአማርኛ «የጋዝ ቧንቧ» ብለን ካለፍነው ግን አንባቢው የሚያየው ወደ ምድጃው የሚመጣውን ቧንቧ ነው፤ በአፍንጫውም ይተማመናል።

ለሙከራ የኢንዱስትሪውን የተለመዱ ቃላት ለአንድ ማሽን ተርጓሚ ሰጠሁት። የፔትሮኬሚካል ፋብሪካው «ተክል» ሆነ። ድፍድፍ ነዳጁ «ዘይት» ሆነ፤ ወጥ የሚሠራበት ይመስል። «ሳወር ጋዝ» የሚሉት «ጎምዛዛ ጋዝ» ተባለ። ይህኛው አያስቅም። ሳወር ጋዝ ማለት ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የበዛበት ጋዝ ነው፤ መርዝ ነው፤ መጠኑ ከፍ ሲል የማሽተት ስሜትን ስለሚያደነዝዝ ሰውዬው ሽታው የጠፋ ይመስለዋል። «ጎምዛዛ» ከሚለው ቃል ይህን ማን ይረዳል?

«ናፍታ» ደግሞ «ናፍጣ» ሆኖ ወጣ። ለእኛ ናፍጣ የጭነት መኪና የሚነዳበት ዲዝል ነው፤ ጣሊያኖችም ዲዝልን ናፍታ ይሉታል። በፔትሮኬሚካል ዓለም ግን ናፍታ ለፕላስቲክ መሥሪያ ጥሬ ዕቃ የሚሆን ቀላል ፈሳሽ ነው፤ ፌስታላችን ሳይቀር ከእሱ ሊመጣ ይችላል። በክፍል ሙቀት እንኳ አንድ ብልጭታ ይበቃዋል፤ ዲዝል እንደዚያ በቀላሉ አይቀጣጠልም። የሁለቱ የጥንቃቄ ጽሑፍ አንድ ሊሆን አይችልም።

ቁጥርም ይሳሳታል። የነዳጅ ገበያው በርሜል 159 ሊትር ገደማ ነው። እኛ በርሜል ስንል ወደ 200 ሊትር የሚይዘውን ብረት እናስባለን። የኮመርስ ሲቲውን 98,000 በርሜል በእኛ በርሜል ብናሰላው በቀን ወደ 4 ሚሊዮን ሊትር ትርፍ ይመጣል።

ይህ የሆነው አማርኛ ድሃ ስለሆነ አይመስለኝም። ከማደያው ጀምሮ ወደ እኛ ያለውን እዩት፦ ነዳጅ፣ ቤንዚን፣ ናፍጣ፣ ላምባ፣ ቦቴ፣ ማደያ፣ ጀሪካን፣ ሬንጅ። ሁሉም የታወቀ፣ የጠራ ነው። ቃላችን የሚሳሳው ከማደያው ወደ ጉድጓዱ ስንሄድ ነው። በሶቪየት እርዳታ የተሠራው የአሰብ ማጣሪያ እ.ኤ.አ. በ1997 ከተዘጋ ወዲህ ኢትዮጵያ የምታስገባው የተጣራውን ነው፤ ሥራው ከሌለ ቃሉ ከየት ይመጣል? አሁን ግን በኦጋዴን የካሉብ ጋዝ እ.ኤ.አ. በ2025 ወደ ምርት ገብቷል። ቃሉ ነገ አገር ቤትም ይፈለጋል።

እንግዲህ የእኔ አስተያየት ይህ ነው፦ ትርጉሙን ከእንግሊዝኛው ቃል ጋር ሳይሆን ከነገሩ ጋር እንሰር። አፕ ስትሠሩ ከትርጉም ፋይሉ በፊት የስያሜ ፋይል ይኑራችሁ። የእናቴ መልእክት እንዲህ ቢያዝ ይበቃ ነበር፦

መለያ፦ በቧንቧ ወደ ቤት የሚገባ የተፈጥሮ ጋዝ
የሚመረጥ ስም፦ የቧንቧ ጋዝ
የማይፈቀድ፦ «ጋዝ» ብቻውን፣ ነጭ ጋዝ፣ ቡታጋዝ
ምልክቱ፦ የገማ እንቁላል ሽታ
ማስጠንቀቂያ፦ «የገማ እንቁላል የመሰለ ሽታ ካለ መብራት ሳያበሩም ሳያጠፉም ይውጡ፤ ውጭ ሆነው ይደውሉ።»

«የማይፈቀድ» የሚለው መስመር ከሁሉም ይበልጣል፤ ኮዱ ራሱ «ጋዝ» ብቻውን ሲመጣ ሊያቆመው ይችላል። ስም ለሌለው ነገር አዲስ ቃል ለመፍጠር አንቸኩል። «መርዛማ ጋዝ፣ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ያለበት» ረዘም ይላል፤ ግን ማንንም አያሳስትም። ስም ያለውን ደግሞ ከመዝገበ ቃላት በፊት መካኒኩንና የቦቴ ሾፌሩን እንጠይቅ።

«ማሽኑ እየተሻሻለ ነው፤ ትንሽ ጠብቅ» የሚለኝ አለ። ማሽኑ የሚማረው ግን እኛ ከምንጽፈው ነው። «ተክል» እና «ዘይት» ብለን በየገጹ ከለጠፍን ነገ ያንኑ ይመልስልናል።

በማግስቱ ማስጠንቀቂያውን ከላይ እንዳለው ጽፌ ለእናቴ ላክሁላት። ወዲያው ደወለች። «ልጄ፣ ታዲያ እንዲህ አይሉም ነበር?» አለችኝ። ቀጥላም ምድር ቤቱ በየት በኩል እንደሚገባ ጠየቀችኝ።