ቤንዚን ውስጥ የሚጨመረው ጠርሙስ ይጠቅማል ወይ?

የዛሬውን ርዕስ ያመጣው በሰንራይዝ ማነር፣ ከኔሊስ ቡሌቫርድ ገባ ብሎ የሚኖር አንድ ወጣት ወገናችን ነው። በ2012 ሞዴል ቶዮታ ካምሪ ሰው እያመላለሰ ቤተሰቡን ያስተዳድራል። ምሳ እየበላሁ ሳለ መጥቶ፣ «ጋሼ፣ መኪናዬ የቼክ ኢንጂን መብራት ካበራች ወር አለፋት። የስሞግ ምርመራ ደግሞ ደርሶብኛል። ቤንዚን ውስጥ የሚጨመረውን መድኃኒት በየሳምንቱ አጠጣታለሁ፤ መብራቱ ግን አልጠፋ አለ። የተሻለው የቱ ነው?» አለኝ። ወጥተን የዕቃ መጫኛውን ቢከፍተው ሦስት ያልተከፈቱ ጠርሙሶች ተደርድረዋል። ዋጋቸውን ብጠይቀው አንዱ 12 ዶላር ነው አለኝ። በሳምንት አንድ ከሆነ በዓመት 624 ዶላር መሆኑ ነው።

እንዲህ ያለው ጥያቄ ከታክሲና ከኡበር ነጂዎቻችን ብዙ ጊዜ ስለሚደርሰኝ ነገሩን ከሥሩ ብንነጋገርበት መልካም ነው። ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

በመጀመሪያ ደረጃ፣ ከማደያ የምንቀዳው ቤንዚን ራሱ ጭማሪ ያለበት ነው። በአሜሪካ ከ1995 ጀምሮ ለመኪና የሚሸጥ ቤንዚን ሁሉ ማጽጃ እንዲጨመርበት ሕግ ያስገድዳል። ሕጉ ያስቀመጠው መጠን አነስተኛ ስለሆነ ግን ጄኔራል ሞተርስ፣ ቶዮታ፣ ሆንዳና ቢኤምደብልዩ በ2004 «ቶፕ ቲር» የተሰኘ ከፍ ያለ መለኪያ አወጡ። ትሪፕል ኤ የተባለው የመኪና ባለቤቶች ማኅበር በ2016 ሁለቱን አወዳድሮ፣ መለኪያውን ባላሟላው ቤንዚን የሠራው ሞተር በመግቢያ ቫልቮቹ ላይ በአማካይ 19 እጥፍ የበለጠ ጥላሸት አከማችቶ አገኘው። ኮስትኮ፣ ሼቭሮንና ሼል መለኪያውን ከሚያሟሉት መካከል ናቸው። ስለዚህ ከእነዚህ የሚቀዳ ሰው ማጽጃውን በቤንዚኑ ዋጋ ውስጥ ከፍሎ ጨርሷል።

ጭማሪ ስንል የትናንቱን እርሳስም ማስታወስ ይገባል። በ1921 በጄኔራል ሞተርስ ቤተ ሙከራ ሞተር እንዳያንኳኳ ያደርጋል ተብሎ የተገኘው እርሳስ ሥራውን በሚገባ ሠርቷል፤ የሕፃናትን አእምሮ መጉዳቱ ነው የኋላ ኋላ ጉድ ያመጣው። አሜሪካ ለመንገድ መኪና በ1996 ከለከለችው፤ በዓለም የመጨረሻዋ አልጄሪያ ደግሞ በ2021 ተወችው። ይህን የማነሣው በጠርሙስ ላይ የተጻፈ ተስፋ ሁሉ ሐሰት ነው ለማለት አይደለም፤ ምን እንደሚያደርግና ምን እንደማያደርግ ለይቶ መጠየቅ ያስፈልጋል ለማለት ነው።

ታዲያ የሚሠራ ጠርሙስ አለን? አለ። መለያው ላይ ፖሊኤተርአሚን፣ በአጭሩ «ፒኢኤ» የሚል ካለበት፣ በኢንጀክተርና በቫልቭ ላይ የተጋገረውን ጥላሸት በእርግጥ ያጥባል። መኪናው ያረጀ ከሆነና ባለቤቱ ርካሽ ቤንዚን ሲቀዳ የኖረ ከሆነ፣ ዘይት ሊቀየር ሲቃረብ አንድ ጠርሙስ ጨምሮ ያን ታንክ ነድቶ መጨረስ ጥሩ ነው። ጥቂቱ ወደ ሞተር ዘይቱ ሊወርድ ስለሚችል ከዘይት ቅየራ በፊት መሆኑ ይመረጣል። በየሳምንቱ መጨመር ግን የታጠበን ሳህን ደግሞ ደጋግሞ ማጠብ ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ማጽጃው ቫልቭን የሚያጥበው ቤንዚኑ በቫልቩ ላይ ሲያልፍ ነው። የወዳጃችን የ2012 ካምሪ እንዲያ ነው የሚሠራው። ከ2011 ወዲህ እንደመጡት ባለ 2.4 ሊትር ሶናታዎች ያሉ መኪናዎች ግን ቤንዚኑን በቀጥታ ወደ ሲሊንደሩ ውስጥ ስለሚረጩት ቫልቮቹን አይነካቸውም። እዚያ ላይ ጥላሸት ከተጋገረ ታንክ ውስጥ ምንም ብትጨምሩ አይደርስበትም፤ ጋራዥ ገብቶ በአየር ግፊት በሚነፋ የዋልነት ቅርፊት ነው የሚፋቀው። ስንት ሰው በዚህ ገንዘቡን እንደከሰከሰ እኔ ነኝ የማውቀው።

«ቤንዚን ይቆጥባል» የሚለውን ደግሞ በሒሳብ እንየው። 15 ጋሎን ብትቀዱና ጋሎኑን በ4 ዶላር ብናስበው 60 ዶላር ነው። ባለ 12 ዶላሩ ጠርሙስ የራሱን ዋጋ ለመመለስ ብቻ ከዚያ ታንክ ሃያ በመቶ መቆጠብ አለበት። የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ቤንዚን ይቆጥባሉ የተባሉ ከመቶ በላይ ዕቃዎችና ጭማሪዎችን መርምሮ የረባ ለውጥ የሚያመጣ አላገኘም። በዘይት ጭማሪው በኩል ደግሞ ኤስቲፒን የሚሸጠው ኩባንያ በማስታወቂያው ምክንያት በ1995 888 ሺህ ዶላር እንዲከፍል ተደርጓል። የጎማን አየር መጠበቅ ከሁሉም ይሻላል፤ እሱም በነፃ ነው። ሬጉላር ለሚበቃው መኪና ፕሪምየም መቅዳትም ያው ብክነት ነው።

ወደ ወዳጃችን ጉዳይ እንመለስ። ስሞግ በጠርሙስ ይታለፋል የሚለው ወሬ የድሮ ነው። በኔቫዳ ከ1996 ሞዴል ወዲህ ያለ የቤንዚን መኪና የሚፈተነው ኮምፒውተሩ ላይ ገመድ ተሰክቶ ነው። የቼክ ኢንጂን መብራት ከበራ ጭሱ እንደ ጠበል ቢጠራም ይወድቃል። ባትሪ ነቅሎ መብራቱን ማጥፋትም አያዋጣም፤ ኮምፒውተሩ ራሱን ፈትሾ ገና ስላልጨረሰ «ዝግጁ አይደለም» ብሎ ይመልሳችኋል።

ስለዚህ ኮዱን እናስነብብ ብዬ በነፃ ወደሚያነቡበት የመለዋወጫ መደብር ይዤው ሄድኩ። «ፒ0302» ወጣ። ሁለተኛው ሲሊንደር በትክክል አይተኩስም ማለት ነው። ካንዴላ የተቀየረው መቼ ነው ብለው፣ መኪናዋ 170 ሺህ ማይል ሄዳ አንድም ቀን አልተነካም። ለካስ ወሩን ሙሉ ያልተቃጠለው ቤንዚን ወደ ጭስ ማውጫው እየወረደ ካታሊቲክ ኮንቨርተሩን ሲያግለው ከርሟል። እሱ ከቀለጠ ደግሞ ከአንድ ሺህ ዶላር በላይ ነው፤ ለዚህ ልጅ የአንድ ወር የቤት ኪራይ ማለት ነው። ተቆጣሁት ልበል? ተቆጣሁት። «ጋሼ፣ መካኒክ ጋ ከሄድኩ ብዙ ይጠይቀኛል ብዬ ፈርቼ ነው» አለኝ። ይህን ፍርሃት ሁላችንም እናውቀዋለንና ዝም አልኩ።

አራቱም ካንዴላዎች ተቀየሩ፤ ኮንቨርተሩ ተርፏል። ኮዱ ከጠፋ በኋላ ጥቂት ቀን በከተማና በፍሪዌይ ነዳትና ስሞጉን አለፈ።

በመጨረሻ ስለ ሦስቱ ጠርሙሶች ጠየቀኝ። ደረሰኙ ካለህ ሁለቱን መልስ፣ አንዱን ከሚቀጥለው ዘይት ቅየራ በፊት ጨምረው አልኩት። «ለጥምቀት አገር ቤት ሄጄ ሦስት ወር ስቀመጥ መኪናዋ ውስጥ ብጨምረውስ?» አለኝ። ለዚያ የሚሆነው ሌላ ጠርሙስ ነው፤ ቤንዚን እንዳይበላሽ የሚያቆየው «ስታቢላይዘር» ይባላል። ታንኩን ሞልታችሁ፣ እሱን በመጠኑ ጨምራችሁ፣ እስከ ኢንጀክተሩ እንዲደርስ ሞተሩን አሥር ደቂቃ ያህል አስነሥታችሁ አቁሟት። የባትሪውንም ገመድ ንቀሉ።