«ቀዝቃዛ አለ?» ከማለት ሌላ

የአዲስ አበባ ጠጪ ስለ ቢራ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ «ቀዝቃዛ አለ?» ይላል። አስተናጋጇ ጠርሙሱን በመዳፏ ዳሰስ አድርጋ «በረዶ ነው» ካለችው ነገሩ አለቀ። ስለ ገብሱ፣ ስለ ምሬቱ፣ ስለ ሽታው፣ ከተዋጠ በኋላ ምላስ ላይ ስለሚቀረው ነገር የሚጠይቅ ሰው ከተገኘ ግን ወይ ከውጭ የመጣ ነው ይባላል፣ ወይ ሌላ ቤት ጠጥቶ የመጣ። ይህን ልማድ እቃወማለሁ። የምቃወመው ለፈረንጅ ወግ ብዬ አይደለም፤ እንዲያውም በተቃራኒው ነው።

ብርድ ምላስን ያደነዝዛል። ለበረዶ የተጠጋ ቢራ መልካምም ይሁን ክፉ ጣዕሙ አንድ ነው፤ ጣዕም የለውም ማለት ይቀላል። ሥራው የተበላሸበት ጠማቂ አብልጦ የሚወደው ደንበኛም «በረዶ ይሁንልኝ» ባዩን ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የቢራን ማስታወቂያ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን እስኪያስወጣው ድረስ ለዓመታት የሰማነው ምን ነበር? ስለ ጀግንነት፣ ስለ አንድነት፣ ስለ እግር ኳስ፣ ስለ ተራራና ወንዝ ተዘመረልን። ቢራው ይምረር ይጣፍጥ የነገረን አልነበረም፤ እኛም አልጠየቅንም።

አሁን ደግሞ «ክራፍት» የሚባለው መጥቷል፤ በእጅ ጥበብ፣ በትንሹ የተጠመቀ ለማለት ነው። (ለነገሩ የአሜሪካ ጠማቂዎች ማኅበር በዓመት እስከ 6 ሚሊዮን በርሜል የሚጠምቀውንም «አነስተኛ» ይለዋል፤ 7 ሚሊዮን ሄክቶ ሊትር ገደማ መሆኑ ነው። ትንሹ ይህን ካከለ ትልቁን እንጃ!) እዚሁ ከተማችን፣ ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ቤት፣ በቤቱ የተጠመቀ ነጣ ያለ ደረቅ ቢራ አዘዝኩ። የዋጋ ዝርዝሩ ከላይ እስከ ታች እንግሊዝኛ ነበር። አስተናጋጁን «ደረቅ ነው ለስላሳ?» ብለው «ወንድም፣ ቢራ እኮ ፈሳሽ ነው» አለኝ። ጎረቤት ጠረጴዛም ሳቀ።

ጠጅ ቤት ቢሆን ማንም አይስቅም ነበር። እዚያ ገና ሳትቀመጥ «ደረቅ? መካከለኛ? ለስላሳ?» ተብለህ የምትጠየቀው አንተ ነህ። ደረቅ ማለት እርሾው የማሩን ስኳር በልቶ የጨረሰው ነው። የቢራ ጠማቂም «ደረቅ» ሲል የሚናገረው ይህንኑ ነው፤ ከብቅሉ የወጣውን ስኳር እርሾው አሟጦ ሲበላው ጣፋጩ ይጠፋል፣ ምሬቱ ብቻውን ይቆማል። ለዚህም ብቅሉ በሙቅ ውኃ ሲዘፈዘፍ ሙቀቱ ከ62 እስከ 65 ዲግሪ አካባቢ እንዲሆን ይደረጋል፤ እርሾ የሚበላው ስኳር በብዛት የሚገኘው ያን ጊዜ ነውና። በ2017 እ.ኤ.አ. ሳን ፍራንሲስኮ ላይ አንድ ጠማቂ እርሾ የማይደፍረውን ትርፍራፊ ሳይቀር በኢንዛይም ሰባብሮ ጠጣሩን ደረቅ ቢራ አወጣና በደረቅ ሻምፓኝ ስም «ብሩት» አለው። ፈረንጅ ከወይን ጠጅ ቤቱ ቃል ሲዋስ ጥበብ ይባላል፤ እኛ ከጠጅ ቤታችን ስንዋስ ያስቃል!

ነጣ ማለቱስ? የዛሬው ወርቅማ ቢራ አባት በቦሔሚያዋ ፕልዘን ከተማ በ1842 እ.ኤ.አ. ዮሴፍ ግሮል የጠመቀው ነው። ብቅሉ ሳያርና ሳይጠቁር በለዘብተኛ ሙቀት ስለደረቀ ቢራውም ነጣ። እንዲህ ያለ ቢራ፣ በተለይ ደረቅ ሲሆን፣ መደበቂያ የለውም። ጥቁር ቢራ ጉድለቱን በቆላው ብቅል ይሸፍናል፤ ጣፋጭ ቢራ በጣፋጭነቱ። ነጣ ያለው ደረቅ ቢራ ግን ነጭ ነጠላ ላይ እንደፈሰሰ ወጥ ነው፤ እንከኑ ከሩቅ ይታያል።

የእኔውን ብርጭቆ ብርዱ እስኪለቀው አሥር ደቂቃ አቆየሁት። መጀመሪያ የትኩስ ዳቦ ሽታ መጣ፤ ከዚያ ጥርት ያለ ምሬት፣ ጉሮሮ ላይ የሚቆይ። ደረቅነቱ እውነተኛ ነበር። ነገር ግን ሲሞቅ ከሥሩ ሌላ ነገር ብቅ አለ፤ የተቀቀለ በቆሎ ሽታ። ይህ ነጣ ባለ ብቅል የሚመጣ፣ የታወቀ እንከን ነው፤ መድኃኒቱም ጭማቂውን በደንብ አፍልቶ በእንፋሎት ማባረር ነው። እዚህ ላይ የአገራችን ከፍታ አለ። አዲስ አበባ ላይ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ የባሕር ጠረፍ አገር ጠማቂ የጻፈውን ደቂቃ ቃል በቃል የሚከተል ሰው ሽታውን ሳያባርር እሳቱን ያጠፋል። ይህን ለቤቱ ኃላፊ በትሕትና ነገርኩት። «ይቅርታ፣ በጣም ቀዝቃዛውን ልቀይርልዎት» አለኝ።

«አማርኛ ለዚህ ቃል የለውም» የሚሉኝ አሉ። የየትኛው ቤት አማርኛ? ድግስ ላይ የተቀመጠ አንድ ሽማግሌ ጠላውን ቀምሶ «ጌሾው በዝቷል»፣ «ጋኑ ጢስ ጢስ ይላል»፣ «ሆምጥጧል»፣ «ቅራሪ ነው»፣ «ገና ጉሽ ነው» ሲል ያልሰማ ማን አለ? ጋኑን በግራዋ አጥባ በወይራ ያጠነች እናት ይህን ፍርድ ፊት ለፊት ተቀብላ ኖራለች። በሌላ በኩል «ጠላ የእኛ ክራፍት ቢራ ነው» እያሉ የሚያሞካሹትንም አልወድም። ጌሾ ሆፕስ አይደለም፤ በዝርያም በምሬትም አይገናኙም። እንኩሮውና ጢሱም ከነጣ ቢራ ጋር አይዛመዱም። ጠላ በራሱ ስም ይበቃዋል። ከጠላ መዋስ ያለብን ስሙን ሳይሆን ተቺውን ነው።

ያ ተቺ ከጠጅ ቤትም እየጠፋ ነው። የማር ዋጋ ከፍሎ የስኳር ጠጅ የሚጠጣው ሰው ቀለሙን አይቶ፣ ብርሌውን አጋብቶ ይሄዳል፤ የሚከራከር ስለሌለ ስኳሩ ይጨመራል። የአክስቱን ጠላ «ቅራሪ» ብሎ በድግስ መሀል ያሳፈረው ያው ሰው፣ በገንዘቡ የገዛው ቢራ በቆሎ በቆሎ ሲሸተው ዝም ይላል። ለአክስት የሌለ ምሕረት ለነጋዴ ከየት መጣ?

በቤታቸው የሚጠምቁት በዋጋ ዝርዝራቸው ላይ በአማርኛ ይጻፉልን፤ ደረቅ ወይስ ለስላሳ፣ ምሬቱ ጠንካራ ወይስ ለዘብ ያለ፣ የተጠመቀው መቼ። ወረቀቱ ላይ ቦታ ከጠበበ «አይስ ኮልድ» የሚለውን መሰረዝ ይቻላል።