አቤት ባዩ ወዴት ይሂድ?

በ1992 ዓ.ም. ምርጫ በቤንሻንጉል ጉሙዝ ለመወዳደር የቀረቡ እጩዎች «የበርታ ቋንቋ አትችሉም» ተብለው ተሰረዙ። የክልሉ የሥራ ቋንቋ ግን አማርኛ ነው። ጉዳዩ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ደርሶ፣ የምርጫ ቦርዱ ውሳኔ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል የተባለው በ1995 ዓ.ም. ነው። ፍርዱ ትክክል ነበር። ምርጫው ግን ካለፈ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነበር።

ስለ መንግሥት ሥልጣን ገደብ ሲወራ ክርክሩ ሁሉ በፌዴራልና በክልል መካከል ይሆናል። በክልል ውስጥ በቁጥር ያነሰው ወገን ይረሳል። ሕገ መንግሥቱ አናሳዎችን ጨርሶ አልዘነጋም። አንቀጽ 54 በተወካዮች ምክር ቤት ቢያንስ 20 መቀመጫ ይሰጣቸዋል፤ አንቀጽ 61 ደግሞ ለእያንዳንዱ ብሔረሰብ በፌዴሬሽን ምክር ቤት ቢያንስ አንድ ወኪል ያስቀምጣል። ነገር ግን ወንበር ማግኘት ሌላ፣ በደል ሲደርስ ገለልተኛ ዳኛ ማግኘት ሌላ ነው።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ሕገ መንግሥቱን የመተርጎም ሥልጣን የፍርድ ቤት ሳይሆን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። 11 አባላት ያሉት አጣሪ ጉባኤ ሐሳብ ያቀርባል፤ የመጨረሻው ቃል ግን የምክር ቤቱ ነው። የምክር ቤቱን አባላት በተግባር የሚመርጡት የክልል ምክር ቤቶች ናቸው። እንግዲህ አንድ አናሳ ወገን ክልሉን ቢከስ፣ የሚዳኙት ክልሎቹ የላኳቸው ሰዎች ናቸው ማለት ነው። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ምርጫው በኮሮና ምክንያት ሲራዘምም የሥልጣን ዘመኑ እንዲቀጥል የወሰነው ይኸው ምክር ቤት ነው፤ የራሱ ዘመን ጭምር።

የዚህ አሠራር ደጋፊዎች መልስ አላቸው። ሕገ መንግሥቱ የብሔር ብሔረሰቦች ቃል ኪዳን ነው፤ ስለዚህ ያልተመረጡ ዳኞች ሊተረጉሙት አይገባም ይላሉ። ክርክሩ ለወሰንና ለማንነት ጥያቄ ሚዛን ይደፋል። ከእጩነት ለተሰረዘ ወይም ከሥራው ለተባረረ ዜጋ ግን አይሠራም። እሱ የሚፈልገው የፖለቲካ ድርድር ሳይሆን ፍርድ ነው።

መፍትሔው ምክር ቤቱን ማፍረስ አይደለም። የወሰንና የማንነት ጉዳይ ከእሱ ጋር ይቆይ፤ የመሠረታዊ መብት አቤቱታ ግን ወደ ነጻ ፍርድ ቤት ይሂድ። የምርጫ ክርክርም ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት የሚያልቅበት ቀን በሕግ ይቆረጥለት። ዛሬ በክልሉ ብዙኃን የሆነ ሁሉ ነገ በሌላ ክልል አናሳ ሊሆን ይችላል። ያን ቀን የሚያስፈልገውን ዳኛ ማቋቋም ያለበት ዛሬ ነው።