የብሔራዊ ፈተና ውጤትና ወጣቱ ለራሱ የሚሰጠው ግምት

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ይፋ በሆነ ማግስት በየሰፈሩ የሚነሳው ጥያቄ አንድ ነው፤ «የእነ እገሌ ልጅ አለፈ ወይስ ወደቀ?» የሚል። ጥያቄው ቀላል ቢመስልም በትምህርት ገበታ ላይ 12 ዓመት የቆየን ወጣት በአንድ ቃል የሚበይን ነው።

ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ የተመዘገቡት አኃዞች ጉዳዩን በጥሞና ማየት የሚጠይቁ ናቸው። ከ2014 ዓ.ም የትምህርት ዘመን 896 ሺህ ገደማ ተፈታኞች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም 3.2፣ በ2016 ዓ.ም 5.4፣ በ2017 ዓ.ም ደግሞ 8.4 በመቶ ሆኗል። መሻሻሉ የሚካድ አይደለም። ሆኖም በ2015 ዓ.ም ብቻ ከአንድ ሺህ 300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም።

አንድ ትምህርት ቤት ያስፈተናቸው ተማሪዎች በሙሉ ከማለፊያው ነጥብ በታች ሲሆኑ ምክንያቱን በእያንዳንዱ ልጅ ስንፍና መፈለግ አያስኬድም። እነዚህ ወጣቶች ከክፍል ወደ ክፍል ሲዛወሩ የኖሩት የመምህራኖቻቸው ፊርማ ባረፈበት ሰርተፊኬት ነው። ለዓመታት «ጎበዝ» የተባለ ተማሪ በአንድ ቀን «ወዳቂ» ሲባል የሚናጋው ስለ ትምህርቱ ያለው ግምት ብቻ አይደለም፤ በራሱ ላይ ያለው እምነት ጭምር ነው። ዘመድ በተሰበሰበበት መቀመጥ ያስፈራዋል፤ ጓደኞቹን ይሸሻል፤ ነገ ሊሞክረው የሚችለውንም አስቀድሞ ይተወዋል። በትምህርት ቤቱ ድክመት የመጣውን ኀፍረት ልጁ ብቻውን ይሸከማል።

የወላጆች ንጽጽር ጫናውን ያከብደዋል። ዛሬ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሚያገለግሉ በርካታ ወላጆች «ማትሪክ» የተፈተኑት በሌላ ዘመንና በሌላ መመዘኛ ነው። «እኛ በኩራዝ አጥንተን አልፈናል» የሚለው አባባል፣ ለማበረታታት የተነገረ ቢሆንም፣ ለልጁ የሚሰማው እንደ ወቀሳ ነው።

ሌላው ችግር አማራጮች የሚቀርቡበት መንገድ ነው። ከማለፊያው በታች ሆነው የተሻለ ነጥብ ላላቸው የተዘረጋው የአቅም ማሻሻያ ወይም ሪሚዲያል ፕሮግራም ለበርካቶች በር ከፍቷል። የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ግን እስከ ዛሬ ሌላ ያጣ ሰው ማረፊያ ተደርጎ ይነገራል። ዘርፉን በመድረክ የሚያወድሱ ኃላፊዎች ሁሉ የራሳቸውን ልጅ ወደዚያ ይልካሉ ማለትም አይቻልም።

ከፍተኛ ውጤት ላመጡ ተማሪዎች የሽልማት ሥነ ሥርዓት ማዘጋጀት እየተለመደ ነው። ላላለፉት ደግሞ በዚያው ሳምንት ወላጆቻቸው በተገኙበት ስለ ሪሚዲያል፣ በድጋሚ ስለ መፈተንና ስለ ሙያ ሥልጠና ማስረዳት ለአንድ ወረዳ የሚጠይቀው አንድ አዳራሽና የግማሽ ቀን ጊዜ ነው።